የመምህርና የነርስ ጉዳት በየትኛው መዝገብ ይጻፍ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ላይ ደኅንነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ፋብሪካ የበዛባት ናት፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ብርድ ልብሱም፣ ቢራውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ። ስለ እጃቸውና ስለ ሳንባቸው የሚጨነቅ ጋዜጣ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ጽሑፋችሁ ግን ከፋብሪካው አጥር ሳይወጣ አለቀ። ከአጥሩ ወዲህ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው፣ ሥራቸው ጤናቸውን ቀስ በቀስ የሚወስድባቸው ሰዎች አሉ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ታናሽ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሁለታችን ሥራ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መምህር ወይም የጤና ባለሙያ በሥራው ምክንያት ሲታመም ወይም ሲጎዳ፣ ያ ጉዳት በዕለቱ ይመዝገብለት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሌላው መብት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የማስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ነው። መለኪያው ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። እኔ ከምገባባቸው ክፍሎች ግን ከ60 የሚያንስ የለም። ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ልጆች ከመጡ ወዲህ ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ልጆቹ ይምጡ፣ እሰየው፤ ትምህርት ቤት ካልገቡ የት ይገባሉ? ብቻ ከኋላ ዴስክ ያለው ልጅ እንዲሰማ የሚወጣው ድምፅ ከመምህሩ ጉሮሮ መሆኑ አይዘንጋ።

ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው ላስረዳ። ድምፅ የሚፈጠረው ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች እየተገናኙና እየተላቀቁ ሲርገበገቡ ነው። በሴት ጉሮሮ ይህ በሰከንድ ወደ 200 ጊዜ ግድም ይሆናል፤ በወንድ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ደግሞ አውታሮቹ የሚጋጩበት ኃይል ይጨምራል። ይህ በቀን ለአራትና ለአምስት ክፍለ ጊዜ፣ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ያብጣሉ፤ እብጠቱ ሲቆይ እየጠነከረ ፍሬ ይሠራል። በጊዜ ካረፉ በአብዛኛው ይድናሉ። ካላረፉ ድምፁ ሻክሮ ይቀራል፤ አንዳንዱም ለቀዶ ሕክምና ይደርሳል። በዚህ ላይ የጠመኔውን ብናኝ ጨምሩበት። የከተማችን አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ መስኮት ተዘግቶ ነው የምናስተምረው፤ ሰሌዳው በተጠረገ ቁጥር ብናኙ ከእኛው ጋር እዚያው ይቆያል።

ሰኞ ድምፄ ደህና ነው። ረቡዕ ይሻክራል። ዓርብ ከሰዓት ማስታወሻ ጽፌ፣ ጥያቄውን በእጄ እያመለከትኩ ነው የምጨርሰው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደኔው በሹክሹክታ የሚያወሩ ባልደረቦች ሞልተዋል። ሁላችንም እርስ በርስ የምንመካከረው ስለ ዝንጅብልና ማር ነው። አንዳንዱ ጤና አዳም ይጨምርበታል። ሕመሙ የጋራ እንደሆነና መነሻው ሥራችን እንደሆነ ግን ጠይቆን የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወርጄ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ታየሁ። ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሥራሽ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ከሚመጡባት ታካሚዎች ብዙ መምህራን እንዳሉ ነገረችኝ። አውታሮቼ ላይ እብጠት አይታ ለሳምንታት እንዳልናገር አዘዘችኝ። የሐኪም ወረቀቱን ይዤ ስመለስ የሰው ኃይል ባለሙያው ተቀበለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለክፋት አልነበረም። ወረቀቱን አነበበና «መምህርት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጉሮሮውን ያልታመመ ማን አለ?» አለኝ። ተራ የሕመም ፈቃድ ተብሎ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ክፍለ ጊዜዬን ባልደረቦቼ በራሳቸው ጭነት ላይ ጨምረው ሸፈኑልኝ፤ የሕክምናውንና የመንገዱን ከኪሴ ከፈልኩ።

ተራ ሕመም በመባልና በሥራ ምክንያት የመጣ ሕመም በመባል መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ባልደረቦቼ አያውቁትም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለ ሥራ አካባቢ ደኅንነትና ጤንነት፣ እንዲሁም በሥራ ምክንያት ስለሚደርስ ጉዳት ይደነግጋል። ጉዳት ሲል ድንገት የሚደርሰውን አደጋ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ጠባይ የተነሳ የሚመጣውንም በሽታ ይጨምራል። የክልሎቹም አዋጆች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። ተራ የሕመም ፈቃድ በጊዜ የተገደበ ነው፤ ሲረዝም ደመወዙም ይቀንሳል። በሥራ ምክንያት የተጎዳ ግን እስኪድን ወይም መሥራት እንደማይችል በሐኪም እስኪረጋገጥ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያርፋል፤ የሕክምናውንም ወጪ መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። ለዘለቄታው የመሥራት አቅሙን ካጣ ደግሞ የጉዳት ጡረታ ወይም በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለ። ይህ ሁሉ የሚገኘው ጉዳቱ ከሥራ የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ታዲያ ያልተመዘገበ ነገር በምን ይረጋገጣል?

ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ተማሪዎቼ የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ችግር የለባቸውም አልልም፤ ጽሑፋችሁም አሳይቷል። ቢሆንም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው መጥቶ ማሽኑን፣ ጭንብሉን፣ የአደጋ መዝገቡን ሊያይ ይችላል። ያ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ሱፐርቫይዘር የሚያየው የትምህርት ዕቅድና የማርክ ዝርዝር ነው። የመምህሩን ጉሮሮ አይቶ የሚሄድ አላጋጠመኝም። አገራችን ግን ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም ነው። ያ ስምምነት የመንግሥትን አገልግሎት በግልጽ ያካትታል። ለፋብሪካ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

የእህቴ ነገር ከእኔ ይብሳል።

አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነበረች። እናቲቱ በሰላም ተገላገለች። የተቀደደውን ስትሰፋ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ። የእናቲቱ እህት በስልኳ ባትሪ እያበራችላት ስፌቱን ቀጠለች። ደም እየፈሰሰ «መብራት እስኪመጣ ጠብቂ» አይባልም። መርፌው ጓንቱን አልፎ የግራ ሌባ ጣቷን ወጋት። ሥራዋን ጨርሳ፣ ጣቷን በውኃና በሳሙና አጥባ፣ ሊነጋ ሲል ደወለችልኝ። «እትዬ፣ መርፌ ወጋኝ» አለች። ድምፅዋ አልተረበሸም። እኔ ነበርኩ የተረበሽኩት።

በደም የተነካ መርፌ ሲወጋ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው። ለዚያ መላ አለው። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ እናቲቱም በእርግዝና ክትትሏ ተመርምራ ነጻ ነበረች። ያስጨነቀን ሌላው ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሰዉ የጉበት ቫይረስ የሚለው። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው ደም በመርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ያህሉ ናቸው። በሄፓታይተስ ቢ ግን ያልተከተበ ሰው ከተወጋ እስከ 30 ከመቶ የሚደርስ ዕድል አለው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል። እናቲቱ ለዚህ አልተመረመረችም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው ውስጥ የመመርመሪያው ኪት አልቆ ነበር።

እህቴም አልተከተበችም። በአገራችን ሕፃናት ይህን ክትባት ከሌሎች ጋር በአንድ መርፌ ማግኘት የጀመሩት በ1999 ዓ.ም ነው። ዛሬ በየዋርዱ የሚሠሩት ነርሶችና አዋላጆች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ሆን ተብሎ ካልተሰጣቸው የላቸውም ማለት ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላ ሁለተኛው፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛው። ኮሌጅ ሳለች ስለ ክትባቱ ተምራለች፤ ፈተናም ተፈትናበታለች። ከዚያ ክንዷ ላይ ሳያርፍ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ደም ቀዳች፣ አዋለደች፣ ሰፋች። ከተወጋች በኋላ ግል ክሊኒክ ሄዳ በራሷ ገንዘብ ጀመረችው። ውጤቷ እስኪታወቅ ድረስ የአራት ዓመት ልጇን ስታቅፍ ጣቷን በፕላስተር ሸፍና፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ነበር። እንዲህ እንደማይተላለፍ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ፍርሃት ግን እውቀትን አይሰማም።

አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። ያላለፈው ነገር ይኸውላችሁ። ጠዋት ለኃላፊዋ ስታሳውቅ «ጓንት ደርበሽ ማድረግ ነበረብሽ» ተባለች። የሚሞላ ቅጽ አልነበረም። የመርፌ ጉዳት የሚጻፍበት መዝገብ አልነበረም። እሷ ግን ብልህ ናት፤ በተረኞች መረካከቢያ መዝገብ ላይ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እየሠራች፣ በምን መርፌ፣ የትኛው ጣቷ እንደተወጋ በገዛ እጇ ጽፋ አብራት የነበረችውን ነርስ አስፈረመች። ከዓመታት በኋላ ጉበቷን ቢያማት ማስረጃዋ ያቺ አንዲት ገጽ ናት። መዝገቡ አልቆ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል። አይጥና እርጥበት ካልነኩት አለ ማለት ነው።

ስለ ሳንባ ነቀርሳም ልጨምር። ኢትዮጵያ በሽታው ከበረታባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። በአየር ነው የሚተላለፈው። ውድ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያው መከላከያ የተከፈተ መስኮት ነው፤ አየር በግራ ገብቶ በቀኝ እንዲወጣ። እህቴ ወረፋ መጠበቂያው ላይ መስኮት ትከፍታለች። ዞር ስትል አስታማሚ ይዘጋዋል፤ «ልጅቷን ብርድ ሊመታት ነው» ይላል፤ እሱም አልተሳሳተም፣ የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም ክፍል ውስጥ የምታገለው ከዚሁ መስኮት ጋር ነው። መፍትሔው አስታማሚውን መቆጣት አይደለም። ሕንፃ ሲሠራ በብርዳማ አገር ሰው ሳይበርደው አየር የሚንቀሳቀስበትን መንገድ ማሰብ ነው፤ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ መተው፣ ለሚያስል ሰው ለብቻው ከለላ ያለው በረንዳ መሥራት። ለቆላም ለደጋም በአንድ ፕላን እየገነባን እዚያ የሚውለውን ሰው ለሳል እንዳርጋለን።

ሌላው ሲነገር የሚያሳፍር የሚመስለው ነገር ነው፤ እኔ ግን እናገረዋለሁ። ሐኪሟ ለድምፄ «ውኃ አብዝተሽ ጠጪ» አለችኝ። ውኃ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ይፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤት ለሴት መምህራን የሚሆን፣ ውኃ ያለው፣ የሚዘጋ ሽንት ቤት የለም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ቀትር ሳንጠጣ እንውላለን። የሽንት ቧንቧ ሕመም ከመካከላችን ያልነካውን ባልደረባ መቁጠር ይቀላል። ነፍሰ ጡር መምህርት ደግሞ ስምንተኛ ወሯ ድረስ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ትውላለች፤ ወንበር ብትጠይቅ እንደ ስንፍና የሚታይበት ቦታ አለ።

የአእምሮ ድካሙ ብቻውን ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሞተ ሰው ቤተሰብ ሐዘኑን በነርሷ ላይ ያወርዳል፤ አንገቷን የተያዘች የእህቴ ጓደኛ በማግስቱ እዚያው ክፍል ተረኛ ነበረች። ማንም ቁጭ አድርጎ «እንዴት ነሽ?» አላላትም። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ያሉ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የሚኖሩትን ኑሮ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በ2017 ዓ.ም ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ያነሱትን የደመወዝ ጥያቄ አንባቢ ያስታውሳል። ጥያቄው የሚገባ ነበር፣ ዛሬም የሚገባ ነው፤ በመምህር ደመወዝ ቤት ተከራይቶ መኖር ምን እንደሆነ እኔ አልናገርም፣ የቤት አከራዮች ይናገሩት። ግን ደመወዝና ደኅንነት እንዳይደባለቁብን እፈራለሁ። ለጤና ባለሙያው የሚታሰበው፣ ሪስክ የሚሉት የተጋላጭነት ክፍያ ጓንትን፣ ክትባትንና መብራትን አይተካም። በክፍያው ምክንያት መርፌው መውጋቱን አይተውም። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ስለ ጤና ባለሙያ ብዙ ተባለ፣ ተጨበጨበም። በ2018 ዓ.ም ኅዳር ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲታወቅ ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ወረርሽኝ ሲመጣ የምናስታውሰው ጥንቃቄ በአዘቦቱ ሌሊትም ያስፈልጋል፤ የእህቴ ጣት የተወጋው ወረርሽኝ በሌለበት ሌሊት ነው።

ስለዚህ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች፣ የሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤቶች፣ የመምህራንና የነርሶች ማኅበራትም ይህን ካነበቡ፣ የሚከተለውን እንዲያስቡበት እለምናለሁ። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም የሥራ ላይ ጉዳት መዝገብ ይከፈት። የተጎዳው ሰው በዕለቱ ይጻፍ፤ ኃላፊው ይፈርም፣ ቅጂው በሠራተኛው እጅ ይቅር። ሐኪም ለመንግሥት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሲጽፍ ሕመሙ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያመለክትበት አንድ መስመር በቅጹ ላይ ይጨመር። የእኔ ሐኪም ብትጠየቅ በደስታ ትጽፈው ነበር፤ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። የመምህራን የድምፅ ሕመም ከሥራ የሚመጣ በሽታ ሆኖ ይታወቅ። ከ50 በላይ ተማሪ ላለበት ክፍል በወገብ የሚታሰር ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይገዛ፤ ዋጋው አንድ መምህር ለአንድ ወር ከሚተካበት ወጪ ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ማንም የጤና ተማሪ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ሳይጀምር ለልምምድ ወደ ሕሙማን አይላክ፤ ይህ ከሁሉ አስቸኳይ ነው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ አዲስ ልጆች ይላካሉ። ማዋለጃ ክፍል በቻርጅ የሚሠራ መብራት ሳይኖረው ሌሊት አይደር። የመርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስ ሞልቶ እስኪተርፍ አይጠበቅ።

መዝገቡን ለመክፈት አዲስ አዋጅ ወይም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ደብተሩን እኛው አዋጥተን እንገዛለን፤ ባልደረቦቼን ጠይቄ ተስማምተዋል። ከመንግሥት የምንፈልገው በደብተሩ ላይ ማኅተሙን የሚያሳርፍ፣ በተጻፈው ስር የሚፈርምና የሚጠየቅ ሰው እንዲመድብልን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት
ደብረ ብርሃን
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)